የትራምፔት ከንፈር እንዴት ይጠነክራል? ደረጃ በደረጃ

ትራምፔት የሚማሩ ልጆች ጥያቄ ቃሉ ይለያይ እንጂ አንድ ነው። «ሁለት ዜማ ሳልጨርስ ከንፈሬ ይዝላል።» «ከመካከለኛው ዶ በላይ አልወጣልኝ አለ።» «ጠዋት ደህና ነበርኩ፤ ማታ የሚወጣው አየር ብቻ ሆነ።» መልሱም አንድ ስለሆነ በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከደረጃ 1 ጀምሩ። በማርሽ ባንድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ባንድ ለዓመታት የተጫወታችሁም ብትሆኑ ከ1 ጀምሩ። ከንፈር ቶሎ የሚዝል ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ መሠረቱ ላይ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ትራምፔት ስንነፋ የሚንቀጠቀጠው የከንፈር መሃል ነው። ያንን መሃል ደግፈው የሚይዙት ደግሞ የአፍ ጥጎች ናቸው። ስለዚህ ጥንካሬ የምንፈልገው ጥጎቹ ላይ ነው። መሃሉ ለስላሳ ሆኖ መቅረት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማምጣት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢ ፍላት ትራምፔት። አብዛኞቻችን የምንጫወትበት እሱ ነው።
- መካከለኛ ማውዝፒስ፣ ማለትም ከንፈር ላይ የሚገጥመው የትራምፔቱ ክፍል። ባክ 7ሲ ወይም ያማሃ 11ቢ4 ለጀማሪ ይበቃል።
- ፊታችሁን የምታዩበት ትንሽ መስታወት
- ሜትሮኖም (በደቂቃ ስንት ምት እንደሚመታ የምትመርጡበት) እና ቱነር (የነፋችሁትን ድምፅ ስም የሚያሳይ)። ሁለቱም ስልክ ላይ በነፃ ይገኛሉ።
- የሚጠጣ ውሃና ሶፍት
- ያልተቀረጸ እርሳስ
- የምትመዘግቡበት ደብተር

ስለ ቱነሩ አንድ ማሳሰቢያ። የቢ ፍላት ትራምፔት ድምፅ ከተጻፈው ኖታ በአንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ይላል። ሶል ስትነፉ ቱነሩ ፋ ቢላችሁ ስህተት የለም። ቱነሩን ወደ ቢ ፍላት መቀየር ከቻላችሁ ግራ መጋባቱ ይቀራል። እዚህ የምጠራቸው ድምፆች በሙሉ ትራምፔት ተጫዋች በኖታው ላይ የሚያነባቸው ናቸው። ታችኛው ዶ የምለው ከአምስቱ መስመሮች በታች ያለውን ነው። መካከለኛው ዶ በ3ኛው ክፍተት ላይ ያለው ነው።

1. አፍና ከንፈርን ማዘጋጀት

አፋችሁን ተጉመጥመጡ፤ ትንሽ ውሃ ጠጡ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ከበላችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የሚያቃጥል ምግብ ከንፈርን ያሳብጣል፤ ያበጠ ከንፈር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀጠቀጠው። ቫዝሊን የምትቀቡ ከሆነ ከመጫወታችሁ በፊት በሶፍት ጥረጉት፤ ካልተጠረገ ማውዝፒሱ ይንሸራተታል። በበጋ ወራት የአዲስ አበባ አየር በጣም ደረቅ ነው። ከንፈራችሁ የሚሰነጠቅ ከሆነ ማታ ተቀብታችሁ ተኙ፤ ጠዋት ንጹህ ይሁን። ጾም ላይ ከሆናችሁ ልምምዱን ውሃ ከምትጠጡበት ሰዓት በኋላ አድርጉት። ውሃ የጠማው ከንፈር ቶሎ ይዝላል።

ማውዝፒሱ ጠዋት ይቀዘቅዛል። በእጃችሁ ጨብጣችሁ አሙቁት።

2. ትንፋሽ

ወንበር ጫፍ ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። አፋችሁን «ኦ» እንደምትሉ ከፍታችሁ አየር አስገቡ። ሆድና ጎናችሁ ይሰፋል፤ ትከሻችሁ ግን አይነሳም። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉና በ4 ምት አስገብታችሁ በ8 ምት አስወጡ። ስታስወጡ ከሰል ለማያያዝ እንደምትሉት «እፍፍፍ» በሉ። 5 ጊዜ ይበቃል። ጭንቅላታችሁ ከዞረ አቁሙና በመደበኛ ሁኔታ ተንፍሱ።

ይህን መዝለል ያጓጓል። አትዝለሉት። አየሩ ሲያንስ ከንፈር የአየሩን ሥራ ለመሸፈን ይጨመቃል፤ ድካሙ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቆላ የሚጫወት ጓደኛችሁ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን ሐረግ እናንተ ብትከፍሉት ድክመት አይደለም። ተጨማሪ የትንፋሽ ቦታ ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

3. ከንፈርን መቅረጽ

መስታወቱን ያዙ። «ም» በሉና ድምፁን ሳታወጡ እንደዚያው ቁዩ። ከንፈራችሁ ቀለል ብሎ ገጥሟል። አሁን ከውስጥ ጥርሶቻችሁን በትንሹ አላቁ፤ ከንፈራችሁ ግን አይከፈት። ከዚያ የአፋችሁን ጥጎች ወደ ጥርሳችሁ አስጠጉና አጥብቁ። ወደ ጆሮ አትሳቡ። አገጫችሁ ወደ ታች ዝርግ ይበል፤ ተሰብስቦ ከተጨማደደ ልክ አይደለም።

መስታወት ውስጥ ፈገግታ ካያችሁ ተሳስታችኋል። ፈገግታ ከንፈሩን ያሳሳዋል። የሳሳ ከንፈር ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣችኋል፤ ከዚያ ግን የማውዝፒሱን ጫና የሚችልበት ሥጋ የለውም። ጉንጭ ከተነፋም ጥጎቹ ለቀዋል ማለት ነው።

4. ማውዝፒሱን ማስቀመጥ

ከግራ ቀኝ መሃል ላይ አድርጉት። ከላይ ወደ ታች ግማሽ በግማሽ፣ ወይም ለላይኛው ከንፈር ትንሽ አድልታችሁ። በተቻለ መጠን የላይኛው ጠርዝ ቀዩ የከንፈር ክፍል ላይ አይረፍ። ቀዩ ክፍል ስስ ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት መንቀጥቀጡ ይታፈናል፤ ቶሎም ይቆስላል።

የሁላችንም ጥርስ አንድ አይደለም። ማውዝፒሱ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ቢያደላና ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ ተዉት። ቦታው ግን በየቀኑ አይቀያየር። ጡንቻ የሚለምደው አንድ ቦታ ነው።

5. በማውዝፒስ ብቻ ማንቀጥቀጥ (ባዝ)

ማውዝፒሱን ወደ ትራምፔቱ ከሚገባው ቀጭን ጫፉ በሁለት ጣት ብቻ ያዙ። እንዲህ ስትይዙት ለመጫን ብትፈልጉም ጉልበት አታገኙም። «ም» ብላችሁ ቅርጹን ያዙና «እፍ» በሉ። እንደ ንብ የሚጮህ ድምፅ መውጣት አለበት። አየር ብቻ ከወጣ ከንፈሩ በጣም ተከፍቷል፤ ጨርሶ ካልወጣ ደግሞ በጣም ተጨምቋል።

ድምፁ ሲረጋ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሸራቱት፤ መልሱት። ከዚያ የምታውቁትን ቀላል ዜማ ባዝ አድርጉ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ሳያውቀው መጨመቅ ይጀምራል። ማውዝፒስ ብቻውን የትራምፔቱ ቱቦ የሚሰጠው ድጋፍ ስለሌለው ከንፈር ድምፁን በራሱ እንዲያገኝ ይገደዳል። ጥቅሙ ይኸው ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች አያውቁትም። የትራምፔቱን ዋና መቃኛ ቱቦ አውጡና ማውዝፒሱን በተለመደው ቦታው አድርጋችሁ ንፉ። በአብዛኛው ቢ ፍላት ትራምፔት ላይ ወደ ፋ የሚጠጋ ድምፅ ይወጣል። ያለ ጭንቀት ሞላ ብሎ ከወጣ ከንፈርና አየር ተስማምተዋል። እየተንቀጠቀጠ ወይም እየታነቀ ከወጣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

6. ረጅም ድምፅ (ሎንግ ቶን)

የከንፈር ጥንካሬ በዋናነት የሚገነባው እዚህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሜትሮኖሙ 60 ላይ ይሁን። በ2ኛው መስመር ላይ ካለው ሶል ጀምሩ። 8 ምት ያዙ፤ ትራምፔቱን ከአፋችሁ አውርዳችሁ 8 ምት እረፉ። በግማሽ ቶን እየወረዳችሁ እስከ ታችኛው ዶ ሂዱ። 8 ድምፆች ናቸው፤ ከነእረፍቱ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሁለት ጊዜ አድርጉት።

ቀስ ብላችሁ ንፉ። ዝግ ባለ ድምፅ መጫወት ጮክ ብሎ ከመጫወት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ትንሿን ቀዳዳ ሳትዘጋ ይዘው የሚቆዩት ጥጎቹ ናቸው። ሲያልቅ ድምፁን አትቁረጡት። ወደ ምንም እስኪደርስ አቅጥኑት። መጨረሻ ላይ የሚንተባተብ ከሆነ ጥጉ ደክሞ ለቋል፤ ልምምዱ መሥራት ያለበትም እዚያው ላይ ነው።

ድምፁን ስታስነሱ በ«ቱ» አስነሱ እንጂ በ«ጡ» አይሁን። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ላይ ይህ ስህተት ይበዛል። «ጡ» ስንል ጉሮሮ ለአፍታ ይዘጋል፤ አየሩም ይቆማል። ያን ጊዜ ከንፈር ያለ አየር ብቻውን ይቀራል፤ ድምፁም እንደ መሰንጠቅ ብሎ ይነሳል። መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት አድርጋችሁ ሁለቱንም በሉ። በ«ቱ» ላይ ሞቅ ያለ አየር መዳፋችሁ ላይ ይሰማችኋል።

ይህ ከቀለላችሁ በኋላ የትዝታ ሜጀርን ቅኝት በረጅም ድምፅ ሥሩበት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ እያንዳንዱን 4 ምት። ለጆሮ ሰፊው ዝላይ ከሚ ወደ ሶል ነው። ለከንፈር ግን እሱ ቀላል ነው፤ ሥራውን ቫልቮቹ (በጣት የምትጫኗቸው ሦስቱ ቁልፎች) ይጨርሱታል። ከንፈር የሚቀየረው ከዶ ወደ ሬ እና ከሶል ወደ ላ ስትሄዱ ነው። ድምፁ የሚሰነጠቀውም በነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። በእነሱ ላይ ብቻ ቆማችሁ ወዲያ ወዲህ ብትሉ ሙሉውን ቅኝት ደጋግሞ ከመጫወት ይበልጣል።

7. ቫልቭ ሳይቀይሩ መውጣትና መውረድ (ሊፕ ስለር)

ምንም ቫልቭ ሳትጫኑ ሶል ንፉ። ምላስ ሳትጠቀሙ፣ አየሩን ሳታቋርጡ ወደ መካከለኛው ዶ ውጡ፤ ወደ ሶል ተመለሱ። ምላሳችሁ አፍ ውስጥ «አ… ኢ… አ» እንደምትሉ ይንቀሳቀስ። «ኢ» ላይ ምላስ ከፍ ሲል የአየሩ መንገድ ይጠብባል፤ አየሩ ይፈጥናል። ከፍ ያለውን ድምፅ የሚያመጣው ይህ ነው።

ከዚያ ያንኑ በእነዚህ ጣቶች ድገሙ፤ ቁጥሩ የምትጫኑት ቫልቭ ነው፦

- 2 (ከፋ ሻርፕ ወደ ሲ)
- 1 (ከፋ ወደ ሲ ፍላት)
- 1 እና 2 (ከሚ ወደ ላ)
- 2 እና 3 (ከሚ ፍላት ወደ ላ ፍላት)
- 1 እና 3 (ከሬ ወደ ሶል)
- 1፣ 2 እና 3 (ከዶ ሻርፕ ወደ ፋ ሻርፕ)

ከእያንዳንዱ በኋላ እረፉ። ፍጥነት አትጨምሩ። ሁለቱ ድምፆች መካከል «ፍርር» የሚል ነገር ከሰማችሁ አየሩ ተቋርጧል።

8. ጫናውን መፈተሽ

ማውዝፒሱ ከንፈር ላይ መግጠም ስላለበት ትንሽ ጫና የግድ ነው። ችግሩ ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ ትራምፔቱን ወደ ፊታችን መሳባችን ነው። ያን ጊዜ ድምፁ ይወጣል። ግን ጠርዙ ደሙን ከከንፈሩ ይገፋዋል፤ ደም የሌለው ጡንቻ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይዝላል። ታዋቂው አሜሪካዊ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ሉዊ አርምስትሮንግ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከንፈሩ ክፉኛ ተጎድቶ ለወራት ማቆም ነበረበት። የከንፈር ዙሪያ ጡንቻ ሲቀደድ የሚፈጠረው ጉዳት ዛሬም በእሱ ቅጽል ስም «ሳችሞ ሲንድረም» ይባላል።

ራሳችሁን እንዲህ ፈትኑ። የቀኝ እጃችሁ ትንሽ ጣት ትራምፔቱ ላይ ያለው መንጠቆ ውስጥ ገብታለች። አውጧትና ከላይ አሳርፏት። በዚያ ሁኔታ ሊፕ ስለሩን ድገሙት። እምቢ ካለ፣ ሲሠራ የነበረው ከንፈራችሁ ሳይሆን ያቺ ጣት ናት። መንጠቆው ገጽ ስትገልጡና ሚውት (የትራምፔቱ አፍ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ማፈኛ) ስታስገቡ ለመያዣ ይጠቅማል፤ በልምምድ ጊዜ ግን ከውጭ ትሁን።

ሁለተኛው ምልክት ቀለበቱ ነው። ጨርሳችሁ መስታወት እዩ። ቀለል ያለ ሮዝ ክብ ታይቶ በጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ደህና ነው። ክቡ ጎድጉዶ የሚነጣ ወይም የሚጠቁር ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም የሚታይ ከሆነ፣ እየጫናችሁ ነው።

9. ያለ ትራምፔት የሚሠራ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ መንፋት ለማይቻላችሁ ይህ ይረዳል። እርሳሱን በከንፈራችሁ መሃል፣ በጥርስ ሳትነክሱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ጥጎቹ እንዲጠብቁ ፍቀዱ። በ30 ሰከንድ ጀምሩ፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ 2 ደቂቃ አሳድጉ። ጥጎቹ ሞቅ ሲሉ አቁሙ። በቀን አንዴ ይበቃል። ልምምድ ባለበት ቀን ከትራምፔቱ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን፤ ደክማችሁ ትጀምራላችሁ።

ሚውት አድርጎ መጫወትም ይቻላል። ግን ሚውት አየሩን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ሁልጊዜ በእሱ ብቻ የሚለማመድ ሰው መግፋት ይለምዳል። በሳምንት ጥቂት ቀን ክፍት ድምፅ የምትነፉበት ቦታ ፈልጉ።

10. መዝጋት

በመጨረሻ ታችኛውን ዶና ከእሱ በታች ያሉትን ድምፆች ዝግ አድርጋችሁ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ንፉ። ከዚያ ትራምፔቱን አስቀምጡና ፈረስ እንደሚያደርገው ከንፈራችሁን «ብርርር» አድርጉት። ደሙ ይመለሳል። ይህ በማግሥቱ ከንፈር ደርቆ እንዳይነሳ ይረዳል።

ስንት ሰዓት? በየስንት ቀኑ?

ለጀማሪ በቀን ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ አንዴ ከሚደረግ 30 ደቂቃ በጣም ይሻላል። የተጫወታችሁትን ያህል እረፉ፤ 1 ደቂቃ ንፉ፣ 1 ደቂቃ አውርዱ። ይህን ሕግ በሙሉ ልቤ ነው የምነግራችሁ። የከንፈር ጡንቻ የሚጠነክረው በሚያርፍበት ጊዜ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከደረጃ 1 እስከ 6 ብቻ ሥሩ። ከ3ኛው ሳምንት ሊፕ ስለሩን ጨምሩ። ከአንድ ወር በኋላ ከበድ ያለ ቀንና ቀለል ያለ ቀን አፈራርቁ፤ ቀለል ባለው ቀን ረጅም ድምፅና ባዝ ብቻ ይሁን። ከፍታ ለመጨመር በግማሽ ቶን ብቻ ውጡ። አዲሱ ድምፅ ዝግ ተደርጎ፣ ትንሽ ጣት ከመንጠቆው ወጥታ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ጥርት ብሎ ካልወጣ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ደብተሩ ለዚህ ነው፤ ቀኑን፣ ከፍተኛውን ጥርት ያለ ድምፅና ሳይቋረጥ የቆየበትን ምት ጻፉ።

የሚበዙ ስህተቶች

ልምምድን በከፍተኛ ድምፅ መጀመር አንዱ ነው። ያልሞቀ ጡንቻ ሲገደድ ቀኑን ሙሉ አይመለስም።

ሌላው ማውዝፒስ መቀያየር ነው። ጥልቀቱ ያነሰ ማውዝፒስ ከፍ ያለውን ድምፅ ትንሽ ያቀልላል፤ የሌለ ጡንቻ ግን አይፈጥርም። ቢያንስ 6 ወር በአንዱ ቆዩ።

ከደከሙ በኋላ «አንዴ ብቻ ልድገመው» ማለት ከሁሉም ይከፋል። የደከመ ከንፈር በፈገግታና በጫና ማካካስ ይጀምራል፤ ጡንቻ ደግሞ የተደጋገመውን ነው የሚይዘው።

ማስጠንቀቂያ

- መዛል የተለመደ ነው። የሚወጋ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ደም ከመጣ ግን ወዲያው አቁሙ።
- እብጠቱ ወይም ሕመሙ በማግሥቱ ካልለቀቀ አትጫወቱ። ትናንት በቀላሉ የምትይዙትን ድምፅ ድንገት መያዝ ካቃታችሁና ጥቂት ቀን አርፋችሁም ካልተመለሰ ሐኪም ያየው።
- ከንፈር ላይ ምች ከወጣ እስኪድን እረፉ። ምች ይተላለፋል። በትምህርት ቤትና በባንድ ትራምፔት በጋራ ብትጠቀሙም ማውዝፒስ ግን የየግላችሁ ይሁን።
- ማውዝፒሱን በየሳምንቱ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና፣ በትንሽ ብሩሽ እጠቡ።
- የጥርስ ብሬስ ያደረጋችሁ ከሐኪማችሁ ሰም ጠይቁና ሽቦው ላይ አድርጉ። ጫናን መቀነስ ለእናንተ ግዴታ ነው።

ካቆማችሁ በኋላ ስትመለሱ

በፈተና ወይም በሕመም ምክንያት ከሁለት ሳምንት በላይ ካቆማችሁ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ከደረጃ 1 እስከ 6 ብቻ ሥሩ፤ ከመካከለኛው ዶ በላይ አትውጡ። በ4ኛው ቀን ሊፕ ስለሩን መልሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደብተሩን ክፈቱና ከማቆማችሁ በፊት ከጻፋችሁት ከፍተኛ ድምፅ በሁለት ቶን ዝቅ ብላችሁ ቀጥሉ።